«ጸያፍ ነገር ከሌለበት ምን አለበት?» ስለ ፊልም የተጠየቀ ጥያቄ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከቢቸና ነው። ልጆቼ ማታ ማታ ተተርጉሞ የሚመጣውን ተከታታይ ድራማና የሀገራችንን ፊልም ያያሉ፤ እኔም አብሬ አያለሁ። አንዳንዱ ሰው «ፊልም ሁሉ የሰይጣን ነው» ይላል፤ ሌላው «ጸያፍ ነገር ከሌለበት ምን አለበት?» ይላል። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኅታችን። «የሰይጣን ነው» ማለቱ የቆየ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ የተከፈተውን ፊልም ማሳያ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ይለው ነበር። ነገር ግን ታሪክ መናገር ኃጢአት ቢሆን ጌታችን በምሳሌ ባላስተማረ ነበር። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው አባባል ነው። ጸያፍ ትዕይንት ሲመጣ ማንም ያውቀዋል፣ ልጅም ፊቱን ያዞራል። እንባችንን ተከትሎ የሚገባውን ትምህርት ግን ማንም አይጠረጥረውም።

ዋሸራ ወይም ጎንጅ ቅኔ ቤት የተማረ ሰው ቅኔ ሲሰማ ሰሙን ይዞ አይነሣም፤ ወርቁን ይፈልጋል፣ ሁለቱ የሚገናኙበትን ኅብር ይለያል። ፊልምንም እንዲሁ ይዩት። ሰሙ ታሪኩ ነው። ወርቁ ደግሞ ሰው ምንድን ነው፣ ምን ቢያገኝ ይድናል፣ ፍርድ የማን ነው ለሚሉት ጥያቄዎች ፊልሙ የሚሰጠው መልስ ነው። ኅብሩን ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ዋናው ገጸ ባሕርይ ቁርጥ ውሳኔ ሲወስንና ሙዚቃው ከፍ ሲል ነው።

የበቀል ፊልም እንውሰድ። መጀመሪያ የጀግናው ወንድም ከእናቱ ጋር ሲሳሳቅ፣ ለድሃ ሲሰጥ እናያለን። ከዚያ ይገደላል። ገዳዩ እናት የለውም፤ ቤቱን አናይም፣ ሲጸጸትም አንሰማም። ሕጉም ሽማግሌውም ከንቱ ሆነው ይቀርባሉ። ወደ ማብቂያው «በለው!» የምንለው እኛው ነን። በጎጃም ደም መመለስ የፊልም ወሬ ብቻ አይደለም፤ ስንት ቤት ፈርሶበታል፣ ካህናትና ሽማግሌዎች መስቀል ይዘው ስንት ደጅ ጠንተውበታል። «በቀል የእኔ ነው» (ሮሜ 12፥19) ሲባል እየሰማ ያደገ ልጅ በአንድ ማታ ተቃራኒውን ይመኛል። «ሃይማኖትህን ካድ» ያለው የለም፤ አንድም ጸያፍ ቃል አልሰማም።

ይህ በተዋናይ ችሎታ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ኩሌሾቭ የተባለ ሩሲያዊ የፊልም ባለሙያ ምንም ስሜት የማይታይበትን የአንድ ተዋናይ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳሕን፣ አንዴ በሬሳ ሣጥን ካለች ሕፃን፣ አንዴ ከአንዲት ሴት ምስል ጋር አያይዞ አሳየ። ፊቱ ያው ነበር፤ ተመልካቹ ግን ረኀብ፣ ኀዘንና ምኞት አየሁበት አለ። «እኔው ያሰብሁት ነው» የምንለው ብዙው ነገር በቅንብሩ ታስቦልን ያደረ ነው። በተከታታይ ድራማው ላይ ሙዚቃውን ልብ ብለው ያድምጡ፦ ባል ሲገባ ቤቱ ጭር ይላል፣ ውሽማው ሲመጣ ዜማው ይጀምራል። በዚህ መንገድ ዝሙት ከእስር እንደመፈታት ሆኖ ይታያል። «መንፈሳዊ» የተባለውም ከዚህ አያመልጥም፤ የጸለየ ሁሉ ወዲያው ሀብታም የሚሆንበት ፊልም መስቀልና ጸበል ቢያሳይም ኢዮብን አያውቀውም።

እንግዲህ ፊልሙን አጋማሹ ላይ ያቁሙትና ልጆቹን «አሁን ማን እንዲሞት፣ ማን ከማን ጋር እንዲሆን ተመኛችሁ?» ብለው ይጠይቁ። መጨረሻው ላይ ከጠየቋቸው ፊልሙ ራሱ መልሶላቸው ያድራል፣ እንቅልፍም ይጥላቸዋል። በጣም ያስለቀሳቸውን ትዕይንት ድምፁን አጥፍተው ደግመው ያሳዩ፤ ያለ ሙዚቃው ምን እንደቀረ ራሳቸው ይናገሩ። እግዚአብሔር መቼ ተጠራ? ቄሱ ለቀብርና ለሳቅ ብቻ ነው የመጡት? እያሉ ይጠይቋቸው። በመልሳቸው ላይ ስብከት አይደርቡበት፤ ከደረቡበት በሚቀጥለው ማታ ዝም ይላሉ። ፈጽመው ከከለከሏቸውም ስልክ ይዘው ጓዳ ይገባሉ፣ ያንኑ ብቻቸውን ያዩታል። ዕርቃንና ዝሙት በግልጽ የሚታይበት ሲሆን ግን ወርቅ ፍለጋ የለም፣ ይጥፋ። «ከንቱ ነገርን እንዳያዩ ዓይኖቼን መልስ» (መዝ. 118፥37)።

እርስዎም ራስዎን ይመርምሩ። ዳዊት ነቢዩ ናታን የነገረውን፣ የድሃውን አንዲት በግ የወሰደውን ባለጠጋ ታሪክ ሲሰማ በባለጠጋው ላይ እጅግ ተቈጣ፤ «ያ ሰው አንተ ነህ» የተባለው ከዚያ በኋላ ነው (2ኛ ሳሙ. 12፥7)። ማን ላይ እንደተቈጡ፣ ለየትኛው በደል እንደራሩ ልብ ይበሉ፤ ለንስሐ አባትዎ የሚነግሩት ነገር ከዚያ ይወጣል።

ቅዱስ ያሬድ «ይጹም ዓይን» እንዳለ፣ በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን ድራማውን ይዝጉት። በመጀመሪያው ሳምንት ቀጣዩ ክፍል ጸሎትዎን እያቋረጠ ከታወሰዎት «በእኔ ላይ ግን ምንም አይሠለጥንብኝም» (1ኛ ቆሮ. 6፥12) ያለውን ቃል በዚያ ይለኩት፤ ከፋሲካም በኋላ ያ ድራማ እንደተዘጋ ይቆይ።