ጎጆዋን ከማቃጠላችሁ በፊት

ሰሞኑን ከደብረ ማርቆስ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ አክሽን ፊልማችን ላይ ጎጆ ቤት የሚቃጠልበት ትዕይንት አለን። እውነተኛ ጎጆ እናቃጥል ወይስ እሳቱን በኮምፒውተር እንሥራው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄዋ አጭር ናት፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ይህችን ጥያቄ ሳይጠይቅ ክብሪት የጫረ አንድ ቡድን አውቃለሁ፤ ቦታው ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እኔም ነበርኩበት። የእኔ ታሪክ አይጠቅማችሁም፤ የጎጆዋ ግን ይጠቅማችኋል።

ባለቤቷ አጠገቧ ቆርቆሮ ቤት ሠርተው ሊያፈርሷት ነበር። ግድግዳዋ የባሕር ዛፍ ማገርና የጭቃ ምርጊት፣ ክዳኗ ዓመታት ያደረቁት ሣር። ዕቅዱ ቀላል ነው፦ ሽፍታው በሩ ፊት ቆሞ ባላጋራውን ይጠብቃል፣ ክዳኑ ከኋላው ይነድዳል። አንድ ካሜራ፣ አንድ ጀሪካን ቤንዚን፣ አንድ ክብሪት።

ቤንዚኑ ተረጨ። ከዚያ «ሌንስ እንቀይር» ተባለና አሥር ደቂቃ አለፈ። ጥፋቱ ሁሉ እዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ ነው። ቤንዚን በጮቄ ብርድ እንኳ ይተናል፤ ትነቱ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይሄድም፣ እየተንሸራተተ ወርዶ ከክዳኑ ጠርዝ ሥርና ከበሩ አካባቢ ይጠራቀማል። ክብሪቱ ሲጫር እሳቱ ከአንድ ጥግ ጀምሮ ቀስ ብሎ አልተያያዘም፤ ዙሪያው በአንዴ «ቡፍ» አለ። ተዋናዩ ከፍሬም ውጭ ዘለለ፤ ቅንድቡ ብቻ ተለበለበ፣ እግዜር ይመስገን። ነፋሱ ማንም ያልለካው ነበርና ጭሱን ወደ ካሜራው አመጣው። የካሜራው ብርሃን ለጠይም ፊት ስለተስተካከለ ነበልባሉ ቀለም አልባ ነጭ እድፍ ሆኖ ተቀረጸ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ክዳኑ ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ሁለተኛ ጎጆ የለም።

በሳምንቱ «ግድ የለም፣ በኮምፒውተር እንጨምረዋለን» ተባለ። ተዋናዩን ከቀረው የጭቃ ግድግዳ ፊት፣ ሰማዩ በደመነበት ቀን፣ ካሜራውን በእጅ ይዘው ቀረጹት። ኤዲተሩ ከኢንተርኔት የወረደ ነበልባል ደረበበት። ውጤቱን ያየ ሁሉ ሳቀ። ከኋላው ቤት እየነደደ የሰውዬው ፊት ግራጫ ነው፤ ባንክ ቤት ወረፋ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። እሳቱ በጥቁር መደብ ላይ የተቀረጸ ስለነበር መደቡ ከትዕይንቱ ጥላ ይበልጥ ጠቁሯል። ካሜራው ሲወዛወዝ ነበልባሉ አብሮ አልተወዛወዘም፤ ከግድግዳው ተላቆ ይዋኛል።

የዛሬ ልጆች ይህን ስታነቡ «እነሱ ሶፍትዌር አልነበራቸውም» ትላላችሁ። ሶፍትዌሩማ ነበር። ያልነበረው ብርሃኑ ነው። እሳት ቀድሞ የሚታየው በነደደው ነገር ላይ ሳይሆን ፊት ለፊቱ በቆመው ሰው ጉንጭ ላይ ነው። የሰው ዓይን የነበልባሉን ቅርጽ በቀላሉ ይቅር ይላል፤ ጉንጩ ላይ ያላረፈውን ብርሃን ግን አይምርም።

ስለዚህ ለጠየቅከኝ ልጅ መልሴ፦ ጎጆዋን አታቃጥላት፣ እሳቱን ግን እውነተኛ አድርገው።

ካሜራውን ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ላይ አስረህ እስከ መጨረሻው አትንካው። ሰዓቱ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ያለችው ሃያ ደቂቃ ይሁን። አገራችን መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ በሴኮንድ 25 ፍሬም (ምስል) ቅረጽ፣ ሹተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሴኮንድ አድርግ፤ አለዚያ አምፖሉ ይርገበገብብሃል። የብርሃን መጠኑን ለነበልባሉ አስተካክል፣ ለፊቱ ሌላ መብራት ጨምር። መጀመሪያ ማንም በሌለበት አሥር ሴኮንድ ባዶውን ቅረጽ። ከዚያ ተዋናዩን አስገባና ብርቱካናማ ጄል (ብርሃን የሚያቀልም ስስ ፕላስቲክ) የለበሱ ሁለት መብራቶች ከኋላና ከጎን ወደ እሱ አዙር፤ አንዱ ዝቅ ይበል። ከመብራቶቹ ፊት ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ሳያቋርጥ የሚያወዛውዝ ሰው አቁም፣ ግን በአንድ ምት እንዳያወዛውዝ፤ እሳት እንደ ሰዓት አይቆጥርም። ሦስተኛው ቀረጻ እሳቱ ብቻ ነው፤ ተዋናዩ ሄዷል፣ ካሜራው ንቅንቅ አላለም። ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሦስቱን መስፋት ነው።

እሳቱ ከሲሊንደር ጋዝ ይምጣ። ሁለት ሜትር ጥቁር የብረት ቱቦ በየአምስት ሴንቲ ሜትሩ በ2 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይበሳና አንዱ ጫፍ ይበየዳል። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቱቦ አትጠቀም፤ ሲግል ዚንኩ የሚመርዝ ጭስ ያወጣል። ማያያዣውን ጋዝ የሚያውቅ ባለሙያ ይግጠመው፣ በሳሙና አረፋም ይፈትሸው፤ አረፋው ካበጠ ያፈስሳል ማለት ነው። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ከተጋደመ በጋዝ ፋንታ ፈሳሹ ይወጣል። ከእሳቱም ስድስት ሜትር ይራቅ። ቫልቩን የያዘው ሰው ሌላ ሥራ አይኑረው፤ ስልክም አይያዝ። ከቱቦው ኋላ ዚንክ ያልተለበጠ ቆርቆሮ አቁመህ ሣሩን በሽቦ እሰርበት፤ ካሜራው የሚያየው ፊቱን ብቻ ነው። የሣሩን መንደድ ለማዘግየት የድሮው ዳፕ ማዳበሪያ ይሠራል፤ ፎስፌቱ ሣሩ በነበልባል ፋንታ ወደ ከሰልነት እንዲያደላ ያደርገዋል። አንድ ኪሎ በአሥር ሊትር ውኃ አሟሟ፣ ርጭ፣ አድርቅ፤ አስቀድመህ ግን በአንድ እስር ሣር ሞክረው። በርሜል ውኃና የረጠበ ብርድ ልብስ እንዲዘጋጅ መንገር ያለብኝ አይመስለኝም።

ክዳኑ ሲደረመስ ማሳየት የግድ ከሆነ ሞዴል ሥራ። አራት ሜትሩን ጎጆ በአንድ አራተኛ ልክ አንድ ሜትር አድርገው። በክዳን ሣር ፋንታ የጤፍ ጭድ ክደነው፤ ውፍረቱ ለልኩ ይቀርባል። የካሜራው ቁመት ከ1.6 ሜትር ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። ትንሽ ሞዴል ቶሎ ስለሚደረመስ በዝግታ መታየት አለበት፤ የቀረጻውን ፍጥነት የማነስ ልኩን ካሬ ሥር አውጥተህ ታገኘዋለህ፦ አራት ጊዜ ካነሰ የአራት ካሬ ሥር ሁለት ነው፣ ስለዚህ 50 ፍሬም ቀርጸህ በ25 አሳይ። ዘጠኝ ጊዜ ካነሰ 75። ግን ከአንድ አራተኛ በታች አትውረድ፤ እንጨቱን ታሳንሰዋለህ እንጂ ነበልባልና የውኃ ጠብታ ለማንም ብሎ አያንስም። ስልካችሁ 240 ፍሬም ስለሚቀርጽ ብቻ ሁሉን ነገር በዝግታ የምታሳዩ ልጆች፣ ክብደቱን እናንተው እየገደላችሁት ነው።

ክብደት ካልኩ አይቀር፦ ጢስ ዓባይ 45 ሜትር ገደማ ነው። ከላዩ የወደቀ ድንጋይ ታች ለመድረስ ሦስት ሴኮንድ፣ ማለትም 75 ፍሬም ይፈጅበታል። አምስት ሜትር ደግሞ አንድ ሴኮንድ ነው። በኮምፒውተር የሠራችሁት ሰው ከገደል ሲወድቅ ላባ ከመሰለ ፍሬሙን ቁጠሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሽታው እዚያ ነው።

ፈረስስ? ፈረስን በኮምፒውተር ስትሠሩ ሳይ ያንገበግበኛል። አዊ ላይ ጥር 23 ቀን ለፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ሂዱና ያንን አቧራ እዩት። ሃያ ፈረሰኛ ካገኛችሁ ስድሳ ታደርጉታላችሁ፦ ካሜራውን አስራችሁ ሦስት ጊዜ አሳልፏቸው፣ በየጊዜው ቦታቸውንና ልብሳቸውን ለውጡ፣ ከዚያ ደርቡ። ግማሽ ሰዓት ውስጥ ጨርሱት፤ ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትሄድ ጥላዎቹ ይጣላሉ። ፈረስ በሽቦ ጠልፎ መጣል ነውር ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቁኝ።

በጠመንጃ ጉዳይ ግን ያለ ምንም ክርክር ከኮምፒውተሩ ጎን ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1993 ተዋናዩ ብራንደን ሊ፣ በ2021 ደግሞ የፊልም ቀራጯ ሃሊና ሃቺንስ በቀረጻ ቦታ በተተኮሰ መሣሪያ ሕይወታቸው አልፏል። ባዶ ጥይት የሚባለው፣ ባሩድ እንጂ እርሳስ የሌለውም፣ ከቅርብ ይገድላል። የአፈሙዝ ብልጭታ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ናት፤ በኮምፒውተር አስገቧት፤ በዚያችው ቅጽበት ትንሽ የኤልኢዲ መብራት የተኳሹ ፊት ላይ ብልጭ ይበል።

«ጋሼ የድሮ ሰው ስለሆነ ነው» የሚለኝ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ማድ ማክስ ፊዩሪ ሮድ የተባለው ፊልም በእውነተኛ መኪኖች፣ በናሚቢያ በረሃ በመቀረጹ ይመሰገናል፤ ያው ፊልም ውስጥ ግን ወደ 2,000 የሚጠጉ በኮምፒውተር የተነኩ ሾቶች (ቁርጥራጭ ቀረጻዎች) አሉ። ሰማዩ ተቀይሯል፣ የደኅንነት ሽቦው ተሰርዟል። መኪናው ግን መኪና ነው፣ አቧራውም ከጎማው የተነሣ አቧራ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ባለቤቱ የሚያፈርሳት ጎጆ፣ ሦስት ካሜራና ነፋስ የሌለበት ምሽት ቢገጥመኝ ሳላቃጥላት አላልፍም። እንግዲህ ምን ይደረግ።

አንድ ነገር ብቻ። የዚያች ጎጆ ባለቤት ጠዋት የጠየቁን «ጉልላቷን አውርዱልኝ» ብለው ነበር፤ ባላቸው የሰቀላት የሸክላ ድስት ናት። እሺ አልን። ክዳኑ ሲደረመስ ነው ትዝ ያለን። አንተ ልጅ፣ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ከማሰርህ በፊት መሰላል አምጣ።