የወርቅ ጨው ማስቀመጫው ላይ ያሉት ሰዎች ለምን ረዘሙ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ደሴ ፒያሳ ከአባቴ ጋር ወርቅ ሰሪ ነኝ። በቀደም ስልኬ ላይ የንጉስ የወርቅ ጨው ማስቀመጫ ነው የሚል ፎቶ አየሁ፣ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ሆነው እግራቸውን አቆላልፈዋል። ለአባቴ ሳሳየው "ሰውነታቸው ረዘመ፣ እንዲህ ሆኖ የሚቀመጥ ሰውም የለም፣ ሰሪው ተሳስቷል" አለ። እውነት ስህተት ነው? ደሞ ለጨው ይሄ ሁሉ ወርቅ ምን ይሰራል?

መልስ፦ የኔ ወንድም፣ የአባትህ አይን ልክ ነው፣ በዛ አቀማመጥ ሰው ያለ ድጋፍ ወደኋላ ነው የሚወድቀው፣ ግን ስህተት ሳይሆን ሆን ተብሎ ነው። የሰራው ጣሊያናዊው ቤንቬኑቶ ቼሊኒ ነው፣ መጀመሪያ ሞዴሉን ለአንድ ካርዲናል አዘጋጅቶት ነበር፣ ኋላ የፈረንሳዩ ንጉስ ፍራንሷ 1ኛ በወርቅ ስራልኝ አለውና በ1543 (በፈረንጅ) ጨረሰው። ያኔ ቤተመንግስት ውስጥ የሚወደደው ማኒየሪዝም የሚባለው ስታይል ነበር፣ ከነማይክል አንጄሎ ቀጥለው የመጡት ሰዎች ተፈጥሮን አስመስሎ መስራቱ አልበቃ አላቸውና ወደ ቄንጥ ሄዱ፣ አንገት ይረዝማል፣ ወገብ ይጠማዘዛል፣ ጣት ይቀጥናል። ፓርሚጃኒኖ የሳላትን ባለ ረጅም አንገቷን ማርያም ፈልገህ እያት፣ ወዲያው ይገባሃል።

እግራቸው የተቆላለፈው ግን ለቄንጥ ብቻ አይደለም። ወንዱ ባህር ነው ሴቷ ምድር ናት፣ ጨው ደግሞ ባህርና ምድር ሲገናኙ ነው የሚገኘው፣ የአፍዴራን ጨው ለምንበላ ለእኛ ይሄ ሩቅ ነገር አይደለም። ከወንዱ ጎን ያለችው ጀልባ ጨው መያዣ ናት፣ ከሴቷ ጎን ያለው ትንሽ ህንጻ የቁንዶ በርበሬ። እቃው ቁመቱ 26 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከስሩ ጠረጴዛ ላይ እንዲንከባለል ኳስ ነገሮች አሉት፣ እንግዶቹ ጨው እያነሱ ትርጉሙን እንዲያወሩበት ነው እንግዲህ። ንጉስ ሚካኤል እዛው ደሴ አይጠየፍን የሚያህል አዳራሽ ያሰሩት ግብር ለማብላት አይደል፣ የንጉስ ክብር ማዕዱ ላይ ይታያል፣ ወርቁም ለዛ ነው።

አሁን ያለው ቪየና ሙዚየም ነው፣ በ2003 ተሰርቆ በ2006 ጫካ ውስጥ ተቀብሮ ተገኝቷል።

ለአባትህ ግን ከሁሉም በፊት ይሄን ንገረው፣ ሰዎቹ በቅርጽ ፈሰው የወጡ አይደሉም፣ ወርቁ በእጅ ተቀጥቅጦ ነው እንደዛ የሆነው። ከዛ ፎቶውን አጉላና ደግመህ አሳየው።