ቁጥሩ ስለ ጉበትዎ የሚናገረውና የማይናገረው

ጥያቄ፦ በአልትራሳውንድ ምርመራ ጉበቴ ላይ ስብ ተገኘ። ሐኪሜ የጉበት ስብን በኤምአርአይ በሚለካ ጥናት እንድሳተፍ ጋብዞኛል፤ ልኬቱ ከስድስት ወር በኋላ ይደገማል። አልትራሳውንዱ አይበቃም ነበር? ቁጥሩ ቀንሶ ከተገኘስ ድኛለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ አልትራሳውንድ ጉበት ከኩላሊት ይልቅ ነጣ ብሎ ሲታይ ስብ እንዳለ ይጠቁማል እንጂ መጠኑን በትክክል አይነግርም፤ ስቡ ከ20 በመቶ በታች ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋል። በመርፌ ናሙና መውሰድም ቢሆን የሚያሳየው የጉበትን 50,000ኛ ክፍል ያህል ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ለጥናት ሲባል ሰውን በየስድስት ወሩ መውጋት የሚመከር አይደለም።

ኤምአርአይ የሚጠቀመው በውሃና በስብ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን በመግነጢስ መስክ ውስጥ በእኩል ፍጥነት የማይሽከረከር መሆኑን ነው። ሁለቱ ምልክቶች በሚሊሰከንዶች ልዩነት አንዴ ይገጥማሉ፣ አንዴ ይቃረናሉ፤ ሲገጥሙ ይደመራሉ፣ ሲቃረኑ ይቀናነሳሉ። ድምሩ 100፣ ልዩነቱ 80 ቢሆን ውሃው 90፣ ስቡ 10 ነው ማለት ነው፤ የስቡ ድርሻም 10 በመቶ ይሆናል። ዲክሰን የተባለ ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ይህ ዘዴ፣ ለእኔ የሚገርመኝ፣ ከትምህርት ቤት ሒሳብ እምብዛም አለመራቁ ነው። እርግጥ ጉበት ውስጥ የተከማቸ ብረት ምልክቱን ቶሎ ስለሚያደክመው ስሌቱን ያዛባል፤ የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ምልክቱን ደጋግመው በመቅዳት ይህን ያርማሉ።

ከእርስዎ የሚጠበቀው ተኝተው ለ20 ሰከንድ ገደማ ትንፋሽ መያዝ ነው። ለዚህ ልኬት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አያስፈልግም፤ ጨረርም የለውም። የልብ ምት ማስተካከያ ወይም ሌላ ብረት በሰውነትዎ ውስጥ ካለ ግን አስቀድመው ይናገሩ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ከ5 በመቶ በላይ የሆነ ስብ አብዛኛውን ጊዜ ከልክ ያለፈ ይባላል፤ ተመራማሪዎችም ከመነሻው በ30 በመቶ መቀነሱን፣ ለምሳሌ ከ20 ወደ 14 መውረዱን፣ ሕክምናው እየሠራ ለመሆኑ እንደ ጥሩ ምልክት ይወስዱታል። ክብደት ቀንሰው ከሆነ ቁጥሩ የወረደው፣ ደስ ሊልዎት ይገባል። ነገር ግን ይህ ልኬት የሚቆጥረው ስብን ብቻ ነው፤ የጉበትን መቆጣትም ሆነ ጠባሳ አይለካም። እንዲያውም ጠባሳው እየገፋ ጉበት በጠባሳ ተሞልቶ ወደሚደነድንበት ደረጃ፣ ወደ ሲሮሲስ ሲደርስ ስቡ በራሱ ጊዜ ሊመናመን ስለሚችል፣ የታመመ ጉበት ዝቅተኛ ቁጥር ይዞ ሊቀርብ ይችላል። የበሽተኛውን የወደፊት ዕጣ በዋነኛነት የሚወስነው ደግሞ ጠባሳው ነው። እርሱን ለመገመት በዚያው በኤምአርአይ የሚሠራ ኤላስቶግራፊ የሚባል ተጨማሪ ምርመራ አለ፤ በቀኝ የጎድን አጥንትዎ ላይ የሚቀመጥ ጠፍጣፋ ነገር በሰከንድ 60 ጊዜ እየተንቀጠቀጠ ሞገድ ወደ ጉበት ይልካል፤ ሞገዱ በጠነከረ ጉበት ውስጥ ፈጥኖ ያልፋል። ስለዚህ የፈቃደኝነት ቅጹን ከመፈረምዎ በፊት ጥናቱ ይህንንም ያካትት እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ካላካተተ ጠባሳው በሌላ መንገድ እንዲታይልዎ ይነጋገሩ።