ተማሪ ከቀነሰ ብሩ ለምን አይተርፍም? ላለችው እህት

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት፣ «ልጄ የሚማርበት የመንግስት ትምህርት ቤት ዘንድሮ ተማሪው ቀንሷል፣ ታዲያ ብር ሊተርፋቸው ሲገባ ለምንድነው ከወላጅ መዋጮ የሚጠይቁት፣ እየበሉት ነው እንዴ?» ነው ያልሽው። ከስር የመለሰው ሁሉ ሌባ ናቸው ብሎ ዘጋው። ሌባ የለም አልልም፣ ግን እኔ ጣና ዳር አንድ ገጠር ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኜ ሰርቻለሁ፣ አሁን ደግሞ እዚሁ ባህር ዳር በልጆቼ ትምህርት ቤት ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት) ውስጥ ነኝ፣ ሂሳቡን ከሁለቱም ወገን ስላየሁት ልንገርሽ፣ ይረዝማል ቻይኝ።

የመምህር ደመወዝ በትምህርት ቤቱ እጅ አያልፍም፣ ፋይናንስ ነው የሚከፍለው። ለጠመኔ፣ ለወረቀት፣ ለተሰበረ ዴስክ የሚሆነው ግን ስኩል ግራንት የምንለው ነው፣ በጂኪፕ (የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራሙ) ከ2001 ጀምሮ የመጣው፣ እሱ በተማሪ ራስ ነው የሚሰላው። ተመኑ በተማሪ ቁጥር ይባዛል፣ አለቀ። ተማሪ እንደ ጎርፍ በሚመጣበት ጊዜ ይሄ ማንንም አላስቸገረም፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ በአገሪቱ 4 ሚሊዮን የማይሞላው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በ2006 ግድም ከ18 ሚሊዮን አልፎ ነበር እኮ። ክፍል ጠቦን በፈረቃም በዳስም አስተምረናል፣ ግራንቱ ከመጣ በኋላ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ስናቅድ ካምናው ይበልጣል ብለን ነበር የምንጀምረው።

አሁን ለምሳሌ ብቻ (ትክክለኛው ተመን አይደለም፣ ለሂሳብ እንዲመች ነው) በአንድ ተማሪ 100 ብር ነው እንበል። 1,200 ተማሪ የነበረው ትምህርት ቤት 900 ሲሆን ከ120,000 ወደ 90,000 ብር ወረደ ማለት ነው። ወጪውስ? 300 ልጅ ከአንድ ክፍል ተነቅሎ አይወጣም፣ ከየክፍሉ አስር አስራ ምናምን ነው የሚጎድለው። 24 ሴክሽን ከነበረ አሁንም 24 ነው፣ 50 የነበረው 37 ሆነ እንጂ። ሰሌዳው ያው፣ መብራቱ ያው፣ ሽንት ቤቱ ያው፣ ዘበኛው ያው (እሱ ደግሞ ብዙ ቦታ ከውስጥ ገቢና ከመዋጮ ነው የሚከፈለው፣ የግቢ ሳር ተሸጦ፣ ባህር ዛፍ ተሸጦ)። ለዚህ ነው ክፍሉ ሰፋ ብሎ ሳለ ብር የሚያጥረው። ለልጅሽ 37 መሆኑ እንደውም ጥሩ ነው፣ መምህሩ ደብተር ማየት ይችላል። ችግሩ ከላይ ያለው ሰው ቁጥሩን አይቶ ሴክሽን አጣጥፉ ይላል፣ ያኔ አንድ ሁለት መምህር «ትርፍ» ተብሎ ይዛወራል፣ ልጆቹም ተመልሰው 50 ናቸው።

አሜሪካም እንዲሁ ነው ወይ ላለው ልጅ፣ እዛም ብሩ ተማሪውን ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ ካሊፎርኒያ እንደውም በተመዘገበው ሳይሆን በየቀኑ ክፍል በተገኘው ልጅ አማካይ ነው የሚሰላው።

ተማሪው ለምን ቀነሰ ካልሽ፣ አንዱ ወሊድ ነው። በክልላችን አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው በ1992 5.9 የነበረው በ2008 3.7 ደርሷል፣ የ2008 ልጅ ደግሞ አንደኛ ክፍል የገባው 2015 ላይ ነው፣ ገና አሁን ነው ክፍል ውስጥ የሚታየን። ሌላው የግል ትምህርት ቤት ነው፣ አቅም ያለው ልጁን ወሰደ። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ያለውን ጦርነት ግን ሁላችሁም የምታውቁት ነው፣ የገጠሩ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጅ ከትምህርት ውጭ ሆነ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የማያየው ነገር ያለው። ቁጥሩ በዓመት አንዴ ነው በስታትስቲክስ ፎርም ተሞልቶ የሚሄደው፣ በጀቱ የሚሰላው በዛ ነው። ርዕሰ መምህሩ ሮስተሩን (የተማሪ ስም ዝርዝሩን) ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ወንድ ሴት እያለ በእርሳስ ይደምራል፣ አጨዳ ላይ ስለሚገጥም ደግሞ ገጠር ሆኜ እንዳየሁት አንዳንዱ መምህር የቀረውን ልጅ ስም በቀይ ሰርዞት ይቆያል፣ ልጁ ከአጨዳ ሲመለስ ክፍል ውስጥ አለ ፎርሙ ላይ ግን የለም። ከዘጌም ከሌላውም ገጠር አክስቱ ቤት የመጣ ልጅ ደግሞ የነበረበት ትምህርት ቤት ስለተዘጋ መልቀቂያ የሚሰጠው የለም፣ መልቀቂያ ከሌለው «ለጊዜው ይቀመጥ» ይባላል፣ ይማራል፣ አይቆጠርም። የተዘጋው ትምህርት ቤትም ቁጥሩ ባዶ ነው፣ በሩ ሲከፈት ጠመኔ መግዣ የለውም፣ ብሩ የሚመጣው ተማሪ ከተቆጠረ ወዲያ ነዋ። ልጁ ሁለቱም ጋ ሳይመዘገብ ቀረ ማለት ነው፣ እኔን የሚያናድደኝ ከሌባው በላይ ይሄ ነው።

አንቺ ምን አድርጊ፣ ወላጅ ስብሰባ ላይ ሂጂና ፎርሙ ላይ የሄደው ቁጥር ስንት ነው፣ ክፍል ውስጥ ያለውስ ስንት ነው፣ ግራንት ስንት ገባ ብለሽ ጠይቂ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን በይ፣ ደህና ርዕሰ መምህር ቅር አይለውም። መዋጮው ወላጅ ተሰብስቦ የወሰነው ከሆነና አቅም ካለሽ ክፈዪ፣ ግን ሞዴል 19 (ህጋዊ ደረሰኝ) ሳይቆረጥልሽ ሳንቲም እንዳትሰጪ። ካልከፈልሽ ካርድ አንሰጥም ካሉሽ ደግሞ እሱ መዋጮ አይባልም፣ በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ነጻ ነው የተባለው፣ ለሱፐርቫይዘሩ ንገሪ። ቤትሽ ከገጠር የመጣ የዘመድ ልጅ ካለም መልቀቂያ የለውም ብለሽ ዝም አትበዪ፣ ፎርሙ ሳይሄድ ስሙ ሮስተር ላይ መግባቱን አረጋግጪ። ቁጥሮቹን ከሰጡሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን።