የመንዝ በግ ያስያዘ ዘፈን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአጎቴ ጋር የመንዝ በግ ተወራርደናል። በእህቴ ሰርግ ላይ ዲጄው «ዌን ኤ ማን ላቭስ ኤ ዉማን»ን ከፈተው። እኔ የማይክል ቦልተን ነው አልኩ። አጎቴ ደግሞ «በጃንሆይ ጊዜ የተዘፈነ ነው፣ ያንተ ሰውዬ ኋላ ነው የመጣው» ብለው ድርቅ አሉ። ማስረጃ ብለው ያመጡት ካሴት ላይ «ፐርሲ ስሌጅ» ተብሎ ተጽፏል። ስናጫውተው ግን ቦልተን ራሱ ነው! በጉን ማን ይግዛ? (ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)

መልስ፦ አንተ ግዛ። አጎትህ ልክ ናቸው። ፐርሲ ስሌጅ የዘፈነው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ በኛ 1958 መሆኑ ነው። የቦልተን የወጣው በ1991፣ ደርግ በወደቀ በጥቂት ወሩ። መሀላቸው 25 ዓመት አለ።

ስለ ካሴቱ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ካሴት የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ሁለት ቴፕ ጎን ለጎን አስቀምጬ «ምርጥ ስሎው» እያልኩ እቀዳ ነበር። (የቅጂ መብት የሚባለውን ያኔ ማን ሰምቶት! ይቅር ይበለን።) የዘፋኞቹን ስም የምገለብጠው ከአንድ ያረጀ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ፐርሲ ይላል፣ እጄ የገባው ቅጂ የቦልተን ነው። ዝም ብዬ ጻፍኩት። ጽሑፉ በቀይ እስክሪብቶ ከሆነ፣ የ«ፐ» ቆብም ወደ ግራ ከተንጋደደ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

የፐርሲን የሰማሁት በአጋጣሚ ነው። አንድ የደሴ መስመር ሹፌር ጣርማበርን ሲወጣ ቴፑ ካሴቱን በልቶበት አመጣልኝ። የተጨማደደውን ክር በጣቴ አለሳልሼ፣ የተበጠሰውን በፕላስተር ቀጠልኩ። በእርሳስ ጠቅልዬ ስከፍተው መጀመሪያ የመጣው ኦርጋን ነው። ቀስ ያለ፣ የማይቸኩል። ከዚያ ሰውየው ገባ። እየዘፈነ አይመስልም፣ እየለመነ እንጂ። ሹፌሩ ሂሳቡን ከፍሎ እስኪወጣ ሦስት ጊዜ መልሼ ሰማሁት።

ፐርሲ ያኔ ስመ ጥር አልነበረም። አላባማ ውስጥ ሆስፒታል ተቀጥሮ ሕመምተኛ ሲንከባከብ ይውላል፣ ቅዳሜና እሁድ ከባንድ ጋር ይዘፍናል። ዘፈኑ የተቀዳው እዚያው አላባማ፣ ሼፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ኦርጋኑን የተጫወተው ስፑነር ኦልድሃም ነው። መጨረሻ አካባቢ የሚገቡትን የትንፋሽ መሣሪያዎች ጆሮ ሰጥተህ ስማቸው፤ ቅኝታቸው ትንሽ ተዛንፏል። እንደሚተረከው ከሆነ አሳታሚዎቹ «ይህ ይስተካከል» ብለው እንደገና አስቀድተውት ነበር። ግን በስህተት የወጣው የመጀመሪያው ቴፕ ነው። እንኳንም ተሳሳቱ! ያቺ መዛነፍ ናት ለኔ ሰው ሰው የምትሸተው። ያም ሆኖ አሜሪካ ውስጥ 1ኛ ወጣ።

የሚያናድደኝ የደራሲው ነገር ነው። በደራሲነት የተመዘገቡት ካልቪን ሉዊስና አንድሩ ራይት የተባሉ የባንድ ጓደኞቹ ናቸው። ፐርሲ ኋላ ሲናገር ዜማው የራሱ እንደነበርና ለጓደኞቹ እንደተወላቸው ይገልጻል። እነሱም አብረው ሠርተዋል፣ አልክድም። ግን የደራሲ ክፍያ ያለው እዚያ ላይ ነው። ከቨር (ሌላ ዘፋኝ እንደገና የዘፈነው ቅጂ) ሲወጣም፣ የጂንስ ማስታወቂያ እ.ኤ.አ. በ1987 ዘፈኑን እንግሊዝ ውስጥ እንደገና ሲያነሣውም፣ ያ ብር ለተመዘገበው ነው የሚሄደው።

ቤት ሚድለር የተባለችው ዘፋኝም እ.ኤ.አ. በ1979 ፊልም ውስጥ ዘፍናዋለች። ሻካራ፣ ጉሮሮዋ የሚቀደድ የሚመስል አዘፋፈን ነው፤ እወደዋለሁ። ቦልተን ግን ከሁሉም በላይ ተሳካለት። ያንተ ሰው እንደገና 1ኛ አወጣው፣ ግራሚም ወሰደበት። ድምፁ ጉልበት አለው፣ አይካድም። ግን ገና ከመጀመሪያው ጣርማበር ጫፍ ላይ ቆሞ ይጮሃል። ፐርሲ ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ነው ዳገቱን የሚወጣው፤ ላቡን ታየዋለህ።

«ትዝታን መሐሙድም በዛወርቅም ዘፍነውት የለ፣ ባለቤት ምን ያደርጋል?» ትለኝ ይሆናል። ትዝታ ቅኝት ነው ወንድሜ፣ እያንዳንዱ የራሱን ይዞበት ይገባል። ይሄኛው ግጥሙም ዜማውም ያለቀለት ዘፈን ነው። የቦልተን ከቨር ነው፣ አለቀ።

ደግሞ ግጥሙን በደንብ ስማው። አፍቃሪው እሷ ካለች ዝናብ ላይ ይተኛል። በሐምሌ ደብረ ብርሃን ላይ ይሞክራት! አላባማ ሆኖ ነው የተናገረው።

በጉን ስትገዛ ላቱን እየዳበስክ ምረጥ። ካሴቱንም ይዘህ ና፤ ቀዩ ጽሑፍ የኔ ከሆነ ግማሹን ዋጋ እኔ እችላለሁ።