194,313 ቀን፦ ስለ ዐውደ ቀመር ጥያቄና መልስ

መምህር፦ በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የዘመንና የበዓላት ስሌት፣ ዐውደ ቀመር የሚባለው የ532 ዓመት ዙር በቀን ሲቆጠር 194,313 ይሆናል። ዛሬ ከየሰፈራችሁ ስለዚህ ቁጥር ጠይቁኝ፤ ነገር ግን አስቀድማችሁ በእጃችሁ አካፍሉት።

ከአዘዞ፦ መምህር፣ ቁጥሩ ከየት መጣ?

መምህር፦ 532 በ365 ሲባዛ 194,180 ነው። በየ4 ዓመቱ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን 133 ቀን ይጨመራል።

ከማራኪ፦ ለየትኞቹ ቁጥሮችስ ይካፈላል?

መምህር፦ ቁጥሩ የ3፣ የ7፣ የ19 እና የ487 ብዜት ነው። ለ7 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ልክ 27,759 ሳምንት ይወጣዋል፤ ስለዚህ ዘመኑ ሲዞር መስከረም 1 በዚያው ዕለት ይውላል። 19ኙ ዐውደ አበቅቴ የሚባለው የ19 ዓመት ዙር ነው፤ ከእርሱ ጋር በዓላት የሚወጡባቸው ቁጥሮች፣ አበቅቴና መጥቅዕ፣ ይመለሳሉ፣ አጽዋማትና በዓላትም ይከተሏቸዋል። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነውና፣ በቀመሩ የ1486ም የ2550ም ሚያዝያ 4 ነው። 3 እና 487 የተገኙት ከ4 ዓመት ቀናት፣ ከ1,461 ነው።

ከፒያሳ፦ ዐውደ ማኅተም የሚባለው ዙር 76 ዓመት፣ ዐውደ ፀሐይ የሚባለው 28 ዓመት ከሆነ ብዜታቸው 2,128 ነው። ስለምን 532 ተባለ?

መምህር፦ መልካም ጥያቄ ነው። 76 ባቄላ በአንድ ክብ፣ 28 ሽንብራ በሌላ ክብ ደርድሩና በየዓመቱ በሁለቱም ላይ አንድ አንድ እርምጃ ሂዱ። ሁለቱም ቁጥሮች ለ4 ስለሚካፈሉ፣ 2,128ን ሳትጠብቁ በ532ኛው እርምጃ ሁለቱም ከመነሻቸው ይገናኛሉ፤ የባቄላው ክብ 7 ጊዜ፣ የሽንብራው 19 ጊዜ ዞሯል። የሚፈለገው ትንሹ የጋራ ብዜት እንጂ ብዜቱ ሁሉ አይደለም።

ከቸቸላ፦ እንግዲያው ጨረቃም ያለ ስሕተት ትመለሳለች።

ከፒያሳ፦ አትመለስም፤ የሰማይዋ ጨረቃ ከባሕረ ሐሳቡ ስሌት ትቀድማለች።

ከቸቸላ፦ አባቶች የቀመሩት እንዴት ይሳሳታል?

መምህር፦ ክርክሩ ከቁጥሩ አወጣን። 19 ዓመት 6,939.75 ቀን ነው፤ 235 የጨረቃ ወር ግን 6,939.69 ያህል ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ በ532 ዓመት ከአንድ ቀን ተኩል ያልፋል። ቀመሩ በራሱ ሕግ ምሉዕ ነው፤ ሰማዩን መለካት ሌላ ሥራ ነው።

ከአራዳ፦ የቁጥሩ ምሥጢር ምንድን ነው?

መምህር፦ ጥያቄው ግልጽ አይደለም። አስቀድማችሁ አካፍሉ ብያለሁ።

ከሳሙና በር፦ በግሪጎርያን አቈጣጠርስ?

መምህር፦ የፋሲካ ቀኖቻቸው በቅደም ተከተል የሚደገሙት በ5,700,000 ዓመት ነው።

ከቀሃ፦ 194,313 ከየት መጣ?

መምህር፦ ለአዘዞው ጠያቂ መልሻለሁ፤ ከላይ ይነበብ። ሳታካፍሉ አትጠይቁ።

ከማራኪ፦ እኔ አካፍያለሁ። 487 ለ17 ሲካፈል 11፣ ለ19 ሲካፈል 12 ቀረኝ፤ ከዚያ በታች ባሉትም ቀሪ አለው። ለ23 ልሞክር?

መምህር፦ አያስፈልግም። 23 በራሱ ሲባዛ 529 ነው፤ ከ487 አልፏል። 487 ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም፤ ጨርሰዋል።