በሌላ ኮምፓይለር አልሠራ ያለው ፕሮጀክት ሲቪ ላይ ይቆይ ወይስ ይውጣ?

እህቴ፣ ከድሬዳዋ የላክሽው ጥያቄ ደርሶኛል። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽ በኮንሶል የሚሠራ የቻት ሰርቨርና ክላየንት ነው፤ የጻፍሽው በማይክሮሶፍቱ ኮምፓይለር በቪዥዋል ሲፕላስፕላስ። ሳቢያን ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለተግባር ፈተና ጠርቶሻል፣ ኮምፒውተሮቹ ላይ ያለው ግን ሚንጂደብልዩ (ጂሲሲ የተባለው ነጻ ኮምፓይለር ለዊንዶውስ የተዘጋጀበት) ብቻ ነው። ቤት ስትሞክሪው የኤረር መዓት ወረደብሽና «ከሲቪዬ ላውጣው?» አልሽ።

አታውጪው። ፈታኙ የቻት ፕሮግራም ብርቅ አይሆንበትም፤ የሚያየው ኤረር ሲገጥምሽ ከየት እንደምትጀምሪ ነው። መጀመሪያ የምትለዪው ኤረሩ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው የኮምፓይለሩ ነው ወይስ የተተረጎመውን ከላይብረሪዎች ጋር የሚያገናኘው የሊንከሩ የሚለውን ነው።

«ሪዴፊኒሽን» ብሎ ሶክአድርን (የኔትወርክ አድራሻ የሚይዘውን ስትራክት) የሚጠራ ከሆነ የኮምፓይለሩ ነው። ዊንዶውስ.ኤች የድሮውን የኔትወርክ ሄደር ዊንሶክ.ኤች (ስሪት 1.1) ይዞት ይገባል፤ ከኋላው ዊንሶክ2.ኤች ሲመጣ ያንኑ ስም ደግሞ ያውጃል። ዊንሶክ2.ኤችን አስቀድሚ። ካስቀደምሽም በኋላ ካልለቀቀሽ ከራስሽ ሄደሮች አንዱ ዊንዶውስ.ኤችን ቀድሞ እየጠራ ነው፤ ፈልጊው። «ኢኔት_ፒቶን (የአይፒ አድራሻን ከጽሑፍ ወደ ቁጥር የሚቀይረው ፋንክሽን) አልታወቀም» ካለሽ ደግሞ ከሄደሮቹ ሁሉ በላይ _ዊን32_ዊንኤንቲን 0ኤክስ0600 ብለሽ ዲፋይን አድርጊ፤ የቆየ ሚንጂደብልዩ ይህን ይፈልጋል።

«አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» የሊንከሩ ነው። ቪዥዋል ላይ ላይብረሪውን የሚጠራልሽ ፕራግማ ኮሜንት የሚለው መስመር ነበር፤ ጂሲሲ ግን ያንን መስመር አይቶ ያልፈዋል። ስለዚህ ትእዛዙ ላይ ራስሽ ትጽፊዋለሽ፦

ጂ++ ሰርቨር.ሲፒፒ -ኦ ሰርቨር -ኤልደብልዩኤስ2_32

ላይብረሪው መጨረሻ ላይ ይሁን። ሊንከሩ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚያነበው፤ የሚፈልገው ኮድ ሳይመጣ ላይብረሪው ቀድሞ ከመጣ ትቶት ይሄዳል፣ ኤረሩም ያው ይመለሳል። ብዙ ተማሪ ግማሽ ቀን የሚያጠፋው እዚህ ነው። ከቪዥዋል የተገነባ የሲፕላስፕላስ .ሊብ ፋይል ገልብጦ ማገናኘትም አይሆንም፤ ሁለቱ ኮምፓይለሮች የፋንክሽን ስም የሚቋጥሩበት መንገድ ይለያያል። ከሶርሱ እንደገና ገንቢው። «ስኪፒንግ ኢንኮምፓቲብል» ካየሽ 32 ቢትና 64 ቢት ቀላቅለሻል ማለት ነው።

ተገንብቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ «ሊብኤስቲዲሲ++-6.ዲኤልኤል የለም» የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። ትእዛዙ ላይ -ስታቲክ ጨምሪ፣ ከዚያም ኮምፓይለር የሌለበት ማሽን ላይ ሞክሪው፤ ከዚራ ያለ ኢንተርኔት ቤት ይበቃል።

ሊኑክስ ላይም አስነሺው ካሉሽ ደብልዩኤስኤስታርትአፕን (ዊንሶክን የሚያስነሳውን የዊንዶውስ ፋንክሽን) በኢፍዴፍ ለዪው፣ ክሎዝሶኬት ክሎዝ ይሆናል፣ ኮኒዮ.ኤች የለም። አንድ ወጥመድ አለ፦ የተዘጋ ሶኬት ላይ ሴንድ ስታደርጊ ሲግፓይፕ የተባለ ሲግናል መጥቶ ፕሮግራሙን ያለ ኤረር ይገድለዋል፤ ሴንድ ላይ ኤምኤስጂ_ኖሲግናል የሚለውን ፍላግ ተጠቀሚ። ሶኬቱን «ከዜሮ ያንሳል» ብለሽ ፈትሸሽ ከሆነም ዊንዶውስ ላይ መቼም እውነት አይሆንም፤ ዓይነቱ አሉታዊ ቁጥር አይዝምና ከኢንቫሊድ_ሶኬት ጋር አወዳድሪው።

ሲቪው ላይ «በቪዥዋል ሲፕላስፕላስና በሚንጂደብልዩ ይገነባል» የሚል አንድ መስመር ጨምሪ፣ ግን ሁለቱንም ከሞከርሽ በኋላ ብቻ። ፍላሽሽ ላይ ሶርሱን፣ የተገነባውን ፋይልና ትእዛዙ የተጻፈበትን አንድ የጽሑፍ ፋይል ይዘሽ ሂጂ።